በውጭ አገር ያለው ዜጋ ድምፁ የሚቆጠረው በየትኛው የምርጫ ክልል ነው?

የአባዶ ነዋሪ (ክሩን የከፈተው)

ምርጫ በቀረበ ቁጥር በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይምረጡ ወይስ አይምረጡ የሚል ክርክር ይነሳና ብዙ ሳይቆይ ወደ ዘለፋ ይወርዳል። ዋናው ምክንያት፣ በእኔ አስተያየት፣ ክርክሩ በሕግ ዐይን ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ሰዎችን አዳብሎ መነሳቱ ነው። አንደኛው በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖርና የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሁለተኛዋ በጅዳ፣ በዱባይ፣ በኩዌት ወይም በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራና ከኢትዮጵያ ፓስፖርት በስተቀር ሌላ የሌላት ዜጋ ናት። የመጀመሪያውን በሚመለከት ሕጉ ግልጽ ነው። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል፤ ቢጫ ካርድ የምንለውን መታወቂያ ያስገኘው አዋጅ ቁጥር 270/1994ም ባለካርዱ የመምረጥና የመመረጥ መብት እንደሌለው ደንግጓል። ስለዚህ በዚህ ክር ላይ ስለ እነርሱ ባንነጋገር እመርጣለሁ፤ የጥምር ዜግነት ጉዳይ ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነውና።

የምጠይቀው ስለ ሁለተኛዋ ነው። በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱም ሆነ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖር ሰው ይህችን ዜጋ ያውቃታል። ቤቱ በእርሷ ወይም በእናቷ ስም በዕጣ የወጣ ነው፤ የባንክ ዕዳው ከዓረብ አገር በሚላክ ገንዘብ ይከፈላል፤ የብሎኩ ኮሚቴ ለጥበቃና ለውኃ መዋጮ ሲጠይቅም የምትከፍለው እርሷ ናት። ትምህርት ቤቱ ቢርቅ፣ አውቶቡሱ ቢቀር፣ ውኃው በፈረቃ ቢመጣ ጉዳቱ የሚደርሰው በልጆቿና በእናቷ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ በሕግ መሠረት የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አገር ውስጥ ያለ፣ ውጭ ያለ ብሎ አልለየም። ይሁን እንጂ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ከአገር ውጭ አንድም የምርጫ ጣቢያ አልተከፈተም።

በመሆኑም ጥያቄዬ መብት አላት ወይስ የላትም የሚል አይደለም። ትምረጥ ብለን ብንስማማ፣ ድምፁ የሚቆጠረው የት ነው? ለማን ነው የምትመርጠው? ሕግ የምታውቁ፣ በምርጫ ሥራ ላይ የተሳተፋችሁ፣ በተለይም ከስደት የተመለሳችሁ እህቶቻችን ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።

ሕግ አንባቢ

ጥያቄው በትክክለኛው ቦታ ላይ የቆመ ይመስለኛል። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ ዜጋ መሆንና 18 ዓመት መሙላት ብቻ አይበቃም፤ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ለስድስት ወር የኖረ መሆን ያስፈልጋል። ወደ ኩዌት የሄደችውን ዜጋ ከምርጫ ያስቀራት «ውጭ ያለ አይመርጥም» የሚል ድንጋጌ ሳይሆን ይህ የነዋሪነት መስፈርት ነው። መብቷ አልተሰረዘም፤ መብቷን የምታሳርፍበት አድራሻ ግን የላትም።

ሆኖም ሕጉ ራሱ የሰው አካልና የሰው ድምፅ በተለያየ ቦታ ሊሆኑ እንደሚችሉ አምኖ ተቀብሏል። በካምፕ ለሚኖሩ የመከላከያ ሠራዊት አባላት፣ ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ተማሪዎችና ከቀዬአቸው ለተፈናቀሉ ዜጎች ልዩ የምርጫ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቅዷል። ከዚህም የሚልቅ ምሳሌ በሐረሪ ክልል አለ። የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ 14ቱ የሐረሪ ብሔረሰብ ጉባኤ ሲሆኑ ከክልሉ ውጭ በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች የሚኖሩ ሐረሪዎችም ለዚህ ጉባኤ ድምፅ ይሰጣሉ። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ ይህ አሠራር መቀጠል የለበትም የሚል አቋም ሲይዝ ክልሉ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተፈረደለት፤ ምርጫውም ከሶማሌ ክልል ምርጫ ጋር መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ተካሄደ። በመርካቶ የሚነግድ ሐረሪ ሐረር ሳይኖር ለሐረር መምረጥ ከቻለ፣ በጅዳ የምትሠራ የአባዶ ልጅ ለአባዶ እንዳትመርጥ የሚከለክል የመርህ ልዩነት አይታየኝም። ልዩነት ካለ የአሠራር ነው።

ጡረተኛው ከቂሊንጦ

የተከበራችሁ ልጆቼ፣ ሕጉን በሚገባ አስቀምጣችኋል፤ እኔ ግን በመርሁ ላይ እንኳ አልስማማም። የምርጫ ውጤት የሚያስከትለውን መከራም ሆነ ደስታ የሚቀምሰው እዚሁ ያለው ሰው ነው። ግብሩን የሚከፍል፣ የታክሲ ሰልፍ የሚሰለፍ፣ ልጁ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማርለት ሰው የመረጠውን ሌላ አገር የሚያድር ሰው ሲሽረው ማየት አልፈልግም። ይህ ደግሞ የፈጠርኩት ስጋት አይደለም። በሞልዶቫ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ ሁለተኛ ዙር አገር ውስጥ ከተሰጠው ድምፅ አብላጫውን ያገኘው የማያ ሳንዱ ተፎካካሪ ነበር፤ አሸናፊ ያደረጋት ከውጭ የመጣው ድምፅ ነው። በሩማንያም እ.ኤ.አ. በ2009 ባሴስኩ በ70 ሺህ ገደማ ድምፅ ልዩነት ሲያሸንፍ ሚዛኑን የደፋለት የስደተኛው ድምፅ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር ቢሆን ውጤቱን ማን በሰላም ይቀበላል? የ1997ን ምርጫ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ በቀላሉ አያልፈውም።

ሁለተኛው ነገር ኮሮጆ ነው። እዚህ የፓርቲ ወኪል፣ የሲቪክ ማኅበር ታዛቢና ጎረቤት እያየ እንኳ ስንት ነገር ተባለ። በኤምባሲ ግቢ ውስጥ፣ የመንግሥት ተቀጣሪ በሆነ ዲፕሎማት እጅ ያለን ሳጥን ማን ይጠብቀዋል?

ከጅዳ የምጽፍ

አባታችን፣ አክብሮቴን አስቀድሜ መልስ ልስጥ። ቤተሰቦቼ ቱሉ ዲምቱ ይኖራሉ፤ እኔ ሹፌር ነኝ። የግብሩ ነገር በተነሳ ቁጥር ይገርመኛል፤ ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ ግዙ ስንባል ገዝተናል፣ በ2010 ዓ.ም. ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀን አንድ ዶላር ብለው ወደ ውጭ ነዋሪው ጥሪ ሲያደርጉ የትኛውን ፓስፖርት እንደያዝን አልተጠየቅንም። ይሁንና ክርክሬ በገንዘብ ላይ እንዲቆም አልፈልግም፤ ድምፅ በገንዘብ የሚገዛ ነገር አይደለምና ድሃውም ይመርጣል።

ክርክሬ ይህ ነው፤ የውጤቱን መከራ የሚቀምሰው እዚያ ያለው ሰው ብቻ ነው ያሉት ትክክል አይደለም። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን ሲያግድ፣ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የ8ኛ ክፍል ማጠናቀቅ መስፈርት ሲሆን፣ ያው አዋጅ በ2013 ዓ.ም. ሲሻሻል፣ የሁሉም ውሳኔዎች ውጤት ያረፈው በእኛ ላይ ነው። ከሳዑዲ ጋር የሚደረግ የሠራተኛ ስምምነት የሚጸድቀው በተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ደመወዛችን፣ የዕረፍት ቀናችን፣ ስንሞት አስከሬናችን በማን ወጪ እንደሚመለስ የሚወሰነው በዚህ ስምምነት ነው። እዚያ ምክር ቤት ውስጥ የእኛን ድምፅ የሚፈልግ አንድ ሰው እንኳ የለም። የሚፈልገን ቢኖር ኖሮ ቢያንስ ቆሞ ይጠይቅልን ነበር።

ተመላሿ

ሁላችሁም ወንድሞቼና አባቶቼ የጻፋችሁትን በጥሞና አንብቤአለሁ። ከቤይሩት የተመለስኩ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ከቤተሰቤ ጋር በለገጣፎ ነው። ስለ መርህ የምጨምረው የለኝም፤ ስለ ሁኔታው ግን ማንም ሳይነግራችሁ የምታልፉት ነገር እንዳይኖር እፈልጋለሁ።

በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ፓስፖርቷ በእጇ አይደለም። አሠሪው፣ በዓረብኛ ከፊል የሚባለው ስፖንሰሯ፣ ከኤርፖርት ጀምሮ ይዞት ይሄዳል፤ ከአገሯ ይዛ የሄደችው የቀበሌ መታወቂያ ካለ ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። እሑድ ዕረፍት የሚሰጧት ዕድለኛ ናት። ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ በራሷ የምትሠራው፣ ፍሪ የምንላት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌላት ኤምባሲ አካባቢ መታየትን ትፈራለች። እንግዲህ «ፓስፖርትሽንና የመኖሪያ ፈቃድሽን ይዘሽ ኤምባሲ ቀርበሽ ተመዝገቢ» የሚል ማስታወቂያ ቢወጣ የሚመዘገበው ማን ነው? ቢሮ የሚሠራው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው ነው። የቤት ሠራተኛዋ በስሟ ሲከራከሩላት ከርመው በመጨረሻ እርሷ ራሷ ትቀራለች።

ይህ ማለት አይቻልም ማለት አይደለም። በቤይሩት ሳለሁ የፊሊፒንስ ሴቶች ለአገራቸው ምርጫ ድምፅ ለመስጠት ወደ ኤምባሲያቸው ይሄዱ እንደነበር አውቃለሁ። እነርሱም እንደ እኛው የቤት ሠራተኞች ናቸው። አገራቸው ይህን የፈቀደ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ የውጭው ድምፅ አሰጣጥ አንድ ቀን ሳይሆን 30 ቀን ይወስዳል፤ ምክንያቱም ሠራተኛዋ የትኛው እሑድ እንደሚለቋት አታውቅም። ለሕግ አንባቢው ወንድሜ የምለው ይህን ነው፦ የአሠራር ልዩነት ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ነገር ለእኛ ሙሉ ጉዳዩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው መንገድ ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ የተጠየቀው ድምፅ መስጫ ወረቀት አልነበረም፤ የመሳፈሪያ ወረቀትና የአውሮፕላን ትኬት ነበር። አንዳንድ እህቶቼ ምርጫ ሲባል የሚስቁት ለዚህ ነው። እኔ አልስቅም፤ ነገር ግን አይፈረድባቸውም።

የጣቢያ ጸሐፊ

በ2013 ዓ.ም. ምርጫ በአንድ የምርጫ ጣቢያ በአስፈጻሚነት ሠርቻለሁና ከሥራው አንጻር ልናገር። እስካሁን ማንም ያላነሳው ትልቁ እንቅፋት ወረቀቱ ነው።

ኬንያን እንደ ምሳሌ የሚጠቅሱ ብዙ ናቸው። በኬንያ በውጭ ያለው ዜጋ የሚመርጠው ፕሬዚዳንቱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ በዳሬሰላምም ሆነ በዱባይ ያለው ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። እኛ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ አንመርጥም። የምንመርጠው የየምርጫ ክልላችንን የተወካዮች ምክር ቤት ዕጩ ነው፤ የምርጫ ክልሎቹ ደግሞ 547 ናቸው። በየአንዳንዱ የዕጩዎቹ ስም፣ ፎቶና የፓርቲ ምልክት ይለያያል። በዚያ ላይ የክልል ምክር ቤት ወይም የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ወረቀት አለ። በጅዳ ቆንስላ አንድ ክፍል ውስጥ የጅማን፣ የወልዲያን፣ የሆሳዕናንና የየካን ወረቀት ሁሉ ደርድሮ ለእያንዳንዱ መራጭ የራሱን ለይቶ መስጠት ይኖርብናል። በአንድ ጣቢያ ሁለት ዓይነት ወረቀት ሲኖር እንኳ አስፈጻሚው ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት ያየ ሰው ይህን አይመኝም።

ወረቀቱን በኤሌክትሮኒክ ማሽን አሳትመን አለፍነው እንበል፤ ከዚያ የሚከተለው የባሰ ነው። ድምፅ በምስጢር የሚሰጥ መሆኑ የሚጠበቀው ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ወረቀት ስላለ ነው። በጅዳ ከአንድ የምርጫ ክልል የመጣች መራጭ አንዲት ብቻ ብትሆን፣ የዚያ ክልል ውጤት ሲገለጽ የማን ድምፅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እኛ አገር ቆጠራው የሚደረገው በጣቢያው ሲሆን ውጤቱም በጣቢያው ደጃፍ ይለጠፋል። ይህ አሠራር እዚህ ለግልጽነት የጠቀመንን ያህል እዚያ መራጯን ያጋልጣታል።

በዚህ ምክንያት ብዙ አገሮች ሌላ መንገድ ይዘዋል፤ ውጭ ያለውን ዜጋ ወደ ቀድሞ ቀበሌው ከመመለስ ይልቅ ለራሱ መቀመጫ ይሰጡታል። ኬፕ ቨርድ ከ72 የምክር ቤት መቀመጫዎቿ 6ቱን፣ ሴኔጋል ከ165ቱ 15ቱን በውጭ ለሚኖሩ ዜጎች መድባለች። ፈረንሳይ የውጭ ነዋሪዎቿን የሚወክሉ 11 የምክር ቤት አባላት አሏት፤ ኢጣሊያም የምክር ቤቷን ቁጥር ስትቀንስ የውጭዎቹን ከ12 ወደ 8 ዝቅ አደረገች እንጂ አላጠፋችም። በዚህ መንገድ በመላው የባሕረ ሰላጤ አገሮች ያለው ወረቀት አንድ ይሆናል፣ ምስጢሩም ይጠበቃል፣ ጡረተኛው አባታችን የሚፈሩት መሻርም ገደብ ያገኛል፤ የቂሊንጦን ወንበር የሚወስነው የቂሊንጦ ነዋሪ ብቻ ይሆናልና።

ሕግ አንባቢ

የጣቢያ ጸሐፊ ያነሱት ሐሳብ በጣም የሚያጓጓ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ ላይ ግን ይጋጫል፣ ወይም ቢያንስ ይታከካል። አንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ወስኗል። አሁን ሥራ ላይ ያሉት 547 ስለሆኑ በቁጥር ደረጃ ሦስት መቀመጫ ክፍት አለ። ለቀልድ ያህል፣ ሦስቱን ለጅዳ፣ ለዱባይና ለቤይሩት ማደል ይቻላል ያሰኛል። ነገር ግን ያው አንቀጽ ቁጥሩ የሚወሰነው የሕዝብን ብዛትና ልዩ ውክልና ያስፈልጋቸዋል የተባሉ አናሳ ብሔረሰቦችን መሠረት አድርጎ መሆኑን፣ ለእነዚህም ቢያንስ 20 መቀመጫ እንደሚኖራቸው ይናገራል። በውጭ ያለ ዜጋ ከሁለቱ በየትኛው ይገባል? ከአገር ውጭ ያለ መሬት የምርጫ ክልል ሊባል ይችላል ወይ? አንድ ተርጓሚ ይችላል ሊል ይችላል፤ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ በዚያ ቤት ደግሞ እያንዳንዱ መቀመጫ የየትኛው ክልል ሰው ነው የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ አያልፍም። ካይሮ ያለው መራጭ የኦሮሚያ ነው ወይስ የአማራ ወይስ የሶማሌ? የፌዴራል ሥርዓታችን በቦታ ላይ የተተከለ ስለሆነ ቦታ የለቀቀውን ሰው የሚያስቀምጥበት ይቸግረዋል።

ኮዬ ተከራይ

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ቢሆንም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ወደ ሪያድ ሳትሄዱ ኮዬ ፈጬ ኑ። እኔ ከጎጃም መጥቼ ግንባታ ላይ የምሠራ ነኝ፤ መታወቂያዬ የትውልድ ወረዳዬ ነው፣ ቤት ኪራዩ በየጊዜው ስለሚጨምር ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር እዛወራለሁ። ስድስት ወር በአንድ የምርጫ ክልል መኖሬን የሚያስመሰክርልኝ አከራይ የለም፤ አከራዩ ግብር እንዳይመጣበት መከራየቴን ራሱ ይደብቃል። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ሲካለል ደግሞ አንዳንድ ሳይቶች ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ተሻገሩ፤ ከዚያም ሸገር ከተማ ተቋቋመ። ሰውየው አልጋው ላይ እንደተኛ የምርጫ ክልሉ ተቀየረ። በዚያው ዓመት ወደ ዱባይ የሄደች የዚህ ሰፈር ልጅ የቀድሞ አድራሻዋ የማን ነው ሊባል ነው?

የአባዶ ነዋሪ (ክሩን የከፈተው)

ወንድሜ፣ የአገር ውስጥ ፈላሹ ጉዳይ ለብቻው ክር ይገባዋል፤ ብትከፍተው እኔ የመጀመሪያው ተሳታፊ እሆናለሁ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ ግን እዚሁ የሚገባ ነው። ለሐረሪ ምሳሌ ያለኝን ጉጉትም የቀነሰብኝ እርሱ ነው። ሐረሪው የትም ቢኖር ድምፁን የሚያስገባበት ጉባኤ ከማንነቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ የአባዶ ልጅ ግን ድምፅ ትስጥ ከተባለ የምትይዘው የቤት ቁጥርና የወረዳ ስም ብቻ ነው፣ እርሱም በሌለችበት ሊቀየርባት ይችላል።

ከገላን

ይህን ውይይት የማነበው በልዩ ስሜት ነው፤ ምክንያቱም ይህች ከተማ ሌሎች ከአገራቸው ውጭ ሆነው ድምፅ ሲሰጡባት የኖረች መሆኗን ማንም አላነሳም። በጥር 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳናውያን በነጻነታቸው ላይ ሲወስኑ፣ በዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት አስተባባሪነት ከሱዳን ውጭ ድምፅ ከተሰጠባቸው ስምንት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከዚያ በፊት በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ ኤርትራውያን በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ ሰጥተዋል። እኔ ያኔ ሳሪስ አካባቢ እኖር ነበር፤ ከጎረቤቶቻችን መካከል አዲስ ልብስ ለብሰው የሄዱ ነበሩ።

ከዚያ የሆነውን በዕድሜ የገፋችሁ ታውቁታላችሁ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ለዚያ ሕዝበ ውሳኔ ተመዝግቦ መገኘት የኤርትራ ዜግነት ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ፤ ብዙዎች ተባረሩ፤ ጉዳዩም ኋላ በሄግ በተቀመጠው የካሣ ኮሚሽን ፊት ቀረበ። ድምፅ የሰጡበት መዝገብ ከአምስት ዓመት በኋላ በእነርሱ ላይ ተነበበ። ይህን የማነሳው ቁስል ለመነካካት ብዬ አይደለም። እህታችን ተመላሿ መታየትን ትፈራለች ያሉትን ማንም እንደ ትንሽ ነገር እንዳያልፈው ነው። በውጭ አገር የሚዘጋጅ የመራጮች መዝገብ ሁለት መንግሥታት ሊያነቡት የሚችሉት መዝገብ ነው፤ አንዱ የራስ፣ ሌላው የአስተናጋጁ። ጎረቤት አገሮች ፍቅር ላይ ሳሉ የተጻፈ ስም ጠብ ላይ ሲደርሱም እዚያው ተጽፎ ይቆያል።

ጡረተኛው ከቂሊንጦ

የገላኗ እህቴ የጻፉት ሌሊቱን ሲያስበኝ አደረ። እኔም ያንን ዘመን አውቀዋለሁ፤ የእርስዎ ነጥብ ደግሞ የእኔን አቋም የሚያጠነክር ይመስለኛል።

የጣቢያ ጸሐፊው የልዩ መቀመጫ ሐሳብ ከሌሎቹ ሁሉ ይሻላል፤ እንዲያም ሆኖ የሚመዘገበው ሰው ስንት እንደሚሆን ማሰብ ይገባል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ሕገ መንግሥት አጽድቃ የውጭ ነዋሪዎችን ደረጃ በደረጃ ለመመዝገብ ቃል ገባች፤ በ2022 ምርጫ በ12 አገሮች የተመዘገቡት ከ10 ሺህ ትንሽ የሚበልጡ ነበሩ፣ አገር ውስጥ ግን ከ22 ሚሊዮን በላይ። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክረው በሚሊዮን ከሚቆጠር ስደተኛ የመጣላት ድምፅ 33 ሺህ ያህል ነው። ጋና ደግሞ ሕጉን እ.ኤ.አ. በ2006 አውጥታ ከአሥር ዓመት በላይ ሳትፈጽመው ቆየች። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለቆንስላ አገልግሎት ቢውል ለእህቶቻችን የተሻለ አይሆንም?

ከጅዳ የምጽፍ

አባታችን፣ በአንድ በኩል ብዙ ሆነን እንሽራችኋለን ብለው ይሰጋሉ፣ በሌላ በኩል ጥቂት ስለሆንን ወጪው አያዋጣም ይላሉ። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡልን።

ገንዘቡ ለቆንስላ አገልግሎት ይዋል የሚለውን እስማማለሁ፣ ነገር ግን ማን ያውለዋል? የቆንስላ በጀት የሚጸድቀው በምክር ቤት ነው። ኬንያ የተመዘገቡት ጥቂት የሆኑት ኬንያውያን ስላልፈለጉ ብቻ አይደለም፤ ከ12ቱ አገሮች ዝርዝር ውስጥ እጅግ ብዙ የቤት ሠራተኞቿ ያሉባት ሳዑዲ ዓረቢያ አልነበረችም።

የጣቢያ ጸሐፊ

ውይይቱ ወደ ተግባር ሊወርድ ከሆነ አንድ ሐሳብ አለኝ። አዲስ መቀመጫም ሆነ 547 ወረቀት የማይጠይቅ አንድ ዓይነት ድምፅ አሰጣጥ አለ፤ እርሱም ሕዝበ ውሳኔ ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. በሲዳማ በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መራጩ የመረጠው ከሁለት ምልክቶች አንዱን፣ ሻፌታን ወይም ጎጆን ነበር። በ2015 ዓ.ም. በወላይታና በአጎራባች ዞኖች የተካሄደውም ያው ነው። ወረቀቱ አንድ፣ ጥያቄው አንድ፣ ቆጠራው አንድ ነው። በሪያድ ያሉ የወላይታ ልጆች በዚያ ቢሳተፉ ኖሮ ከዕጩ ብዛት የሚመጣው ችግር በሙሉ አይኖርም ነበር፤ ቦርዱም ሳጥን መጠበቅን፣ የፓርቲና የሲቪክ ታዛቢ ማስገባትን፣ የመዝገብ ምስጢር መጠበቅን በትንሹ ይለማመድ ነበር። ወደፊት እንዲህ ያለ ሕዝበ ውሳኔ ቢመጣ በሁለት ከተሞች፣ በሪያድና በጅዳ፣ መሞከር ይቻላል ባይ ነኝ። ለምዝገባም የፓስፖርቱ ቅጂ ወይም በስልክ ያለ ፎቶው እንዲበቃ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ፈጽሞ እንዳይጠየቅ በመመሪያ መወሰን አለበት፤ የኢትዮጵያ ዜግነትን የሚያረጋግጠው የሳዑዲ ወረቀት አይደለምና።

ከጅዳ የሚጽፉትን ወንድሜን አንድ ነገር ልጠይቅ። ድምፅ መስጫው አንድ ቀን ብቻ ቢሆን፣ ዓርብ ቢሆን፣ በቆንስላው ቢሆን፣ ከምታውቋቸው ሰዎች ስንቱ ይመጣል?

ተመላሿ

ከጅዳ የሚጽፉት ወንድሜ መልስ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ቃል ልጨምር። የጣቢያ ጸሐፊው የፓስፖርት ቅጂ ይበቃል ያሉት ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙዎቻችን ከመሄዳችን በፊት ፎቶውን ለቤተሰብ ልከን ነበር የምንሄደው። ማዳሟ ዋናውን ብትደብቀው ቅጂው እናቷ ስልክ ላይ አለ።

ከጅዳ የምጽፍ

ለጥያቄው በቀጥታ ልመልስ። ጅዳ ከተማ ውስጥ ያለን ሹፌሮች፣ የሱቅ ሠራተኞችና ነጋዴዎች ዓርብ ጠዋት እንመጣለን፤ በዚህ አልጠራጠርም። በሰው ቤት ያሉት ሴቶች ግን ዓርብ እንግዳ የሚበዛበት ቀን ስለሆነ ያን ቀን አይለቋቸውም፤ ለእነርሱ የተሻለው የሥራ ቀን ረፋዱ ነው፣ ማዳሟ ሥራ ስትሄድ ወይም ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ። አብሃና ጂዛን ያሉት ደግሞ ከጅዳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ፤ በመንገድ ላይ ተፍቲሽ፣ ማለትም ፍተሻ፣ ስላለ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለው ሰው ለምዝገባ ባይጠየቅም ለመንገዱ ይጠየቃል። የየመንን ድንበር በእግር ተሻግረው የመጡት ወገኖቻችን የሚበዙት በዚያ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሁለት ከተማና አንድ ቀን ከሆነ እኔ እመርጣለሁ፤ ጂዛን የበግ እረኛ ሆኖ ያለው የአጎቴ ልጅ አይመርጥም። ለእርሱ የሚሆነው ተንቀሳቃሽ የምዝገባ ቡድን ነው፤ ቆንስላው ለፓስፖርት ዕድሳት ወደ ጂዛን ሰው የሚልክ ከሆነ ያው ሰው መዝገቡንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።